በማርች ተልኮ በዲሴምበር የደረሰ ካርድ፦ የሮቫኒዬሚው የገና አባት ፖስታ ቤት

ጀርመን አገር የምትኖር የሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ አንድ ቀን በስልክ፣ «አክስቴ፣ ጫማዬ ውስጥ ቸኮሌት ያስቀመጠልኝ ኒኮላውስ እና ስጦታ የሚያመጣው የገና አባት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ብትጠይቅ አይፈረድባትም፤ በሚኖሩበት አገር ልጆች ዲሴምበር 5 ማታ ጫማቸውን ወልውለው በር ላይ ያስቀምጡና በማግሥቱ፣ በቅዱስ ኒኮላስ ቀን፣ ለውዝ፣ መንደሪንና ቸኮሌት ሞልቶበት ያገኙታል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ዲሴምበር 24 ማታ ሌላ ስጦታ አምጪ ይመጣል። እኔ የምኖረው ሄልሲንኪ ነው፤ ስለዚህ በስልክ ከምመልስላት ይልቅ የገና አባት ይኖርበታል ከሚባለው አገር በጽሑፍ ልመልስላት ብዬ ወደ ሰሜን ተጓዝኩ። ከዚህ ቀጥሎ የምገመግመው ያን መልስ ያደረሰልኝን አገልግሎት፣ ማለትም በሰሜን ፊንላንድ በላፕላንድ ክልል በሮቫኒዬሚ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የገና አባት ዋና ፖስታ ቤት ነው።

ከሄልሲንኪ የሚነሳው የሌሊት ባቡር 12 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሮቫኒዬሚ ባቡር ጣቢያ ደግሞ 8 ቁጥር አውቶቡስ ከከተማው በስተሰሜን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የገና አባት መንደር ያደርሳል። ከተማዋ በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ አቃጥሏት አብዛኛው ክፍሏ ወድሞ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ስትሠራ ፕላኗን የነደፉት ታዋቂው የፊንላንድ አርክቴክት አልቫር አልቶ ናቸው፤ መንገዶቿንም የሬንዲርን፣ ማለትም የሰሜኑን አጋዘን፣ ራስና ቀንድ ቅርጽ ሰጥተዋቸዋል። በ1950 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት የመልሶ ግንባታውን ሥራ ለማየት ሲመጡ፣ እሳቸውን ለመቀበል በአርክቲክ ክበብ፣ ማለትም የምድርን ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ በሚከበው ምናባዊ መስመር፣ አጠገብ በጥድፊያ አንዲት የእንጨት ቤት ተሠራች። ያች ቤት እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ፖስታ ቤቱም የሚገኘው ከእሷ አጠገብ ነው። መንደሩ በይፋ የተከፈተው በ1985 ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ክፍት ነው።

ወደ መንደሩ መግባት በነጻ ነው። ይህን አስረግጬ የምጽፈው ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጉዞ ወኪል «የመግቢያ» ብሎ ገንዘብ ስላስከፈለኝና ስደርስ ግን በር የሚጠብቅ ቲኬት ቆራጭ ጭራሽ ስላላገኘሁ ነው። መሬቱ ላይ በነጭ የተሠመረው የአርክቲክ ክበብ መስመርም ለፎቶ እንጂ ለልኬት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል፤ ትክክለኛው ክበብ ከምድር ዘንግ መዋዠቅ የተነሳ በየዓመቱ በ14 ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን እየሸሸ ነው።

ፖስታ ቤቱ እውነተኛ ፖስታ ቤት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የፊንላንድ ፖስታ ድርጅት ነው። ውስጡ ሞቅ ያለ ሲሆን፣ እንግዳው ጓንቱን አውልቆ ቁጭ ብሎ የሚጽፍባቸው የእንጨት ጠረጴዛዎች አሉት። ቀይ ቆብ ያደረጉት ሠራተኞች ቶንቱ ይባላሉ፤ ቶንቱ በፊንላንዶች ተረት ቤትና ጎተራ የሚጠብቅ ትንሽ ፍጡር ነው። ከጀርባቸው ባለው መደርደሪያ ከዓለም ዙሪያ የመጡ የልጆች ደብዳቤዎች በየአገራቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ከ1985 ወዲህ ለገና አባት ተጽፎ እዚህ የደረሰው ደብዳቤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ነው። ብዙ ሰው ለፎቶ ወደ ገና አባት ቢሮ ሲጣደፍ ይህን መደርደሪያ ሳያየው ያልፋል፤ እኔ ግን ከመንደሩ ሁሉ ረጅም ጊዜ የቆምኩት እሱ ፊት ነው። በእርሳስ የተጻፉ፣ ከመስመር የወጡ፣ ጠርዛቸው ላይ ኮከብና ዛፍ የተሳለባቸው ፖስታዎች አየሁ፤ አንዱ ላይ ልጁ ቴምብር መለጠፍ እንዳለበት የሰማ ይመስላል፣ ነገር ግን ቴምብሩን ራሱ በቀለም ስሎታል። ደብዳቤውም ደርሷል።

ከዚህ የሚላክ ማንኛውም ካርድ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ልዩ የአርክቲክ ክበብ ማኅተም ይመታበታል። የአገልግሎቱ ትልቁ ብልሃት ግን በሁለቱ የፖስታ ሳጥኖች ላይ ነው፦ አንደኛው ሳጥን ውስጥ የገባ ወዲያውኑ ይላካል፤ በቀዩ ሳጥን ውስጥ የገባው ግን ወሩ የትኛውም ይሁን እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ተጠብቆ ለበዓሉ እንዲደርስ ይደረጋል። እኔ የሄድኩት በማርች ነበር። ለእህቴ ሰላምታ ጽፌ በመጀመሪያው ሳጥን፣ ለልጇ መልሱን ጽፌ በቀዩ ሳጥን ከተትኩ። ካርዱ ከእጄ ወጥቶ ሲወድቅ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር መጠበቅ እንዳለብኝ ያኔ ነው የገባኝ።

የጻፍኩላት መልስ በአጭሩ የሚከተለው ነበር፤ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ታሪኩን አስቀድሞ ቢያውቀው የሚያየው ነገር ይበዛለታልና እዚህም ላስፍረው። ኒኮላውስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የሜራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒኮላስ ነው፤ የእኛም ስንክሳር ኒቆላዎስ እያለ ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት ጥሎሽ ላጣ ድኃ አባት ማንም ሳያየው በሌሊት በመስኮት ወርቅ እንደ ወረወረለት ይነገራል፤ ልጆች ጫማ የሚያስቀምጡት ከዚህ የተነሳ ነው። የኢጣሊያ መርከበኞች በ1087 አፅሙን ወደ ባሪ ከወሰዱት በኋላ ዝናው በምዕራብ አውሮፓ ገነነ። ሆላንዶች ሲንተርክላስ ያሉት ስም ደግሞ ኒው ዮርክ ገብቶ ሳንታ ክላውስ ሆነ።

የፊንላንዱ ግን ሌላ ሥር አለው። ስሙ ዮሉፑኪ ነው፤ ትርጉሙም የገና ፍየል ማለት ነው። ጥንት በገና ሰሞን፣ በተለይም የበዓሉ ማብቂያ በሆነው በጃንዋሪ 13፣ ጎረምሶች የፀጉር ካፖርታቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ ጭምብል አጥልቀውና ቀንድ አድርገው ከቤት ቤት እየዞሩ ከበዓሉ የተረፈውን ምግብና መጠጥ ይጠይቁ ነበር፤ የከለከላቸውንም ያስፈራሩ ነበር። ይህ የሚቀበል እንጂ የማይሰጥ ፍየል በዘመናት ሂደት ከጳጳሱ ታሪክ ጋር ተዋሐደና ሰጪ ሽማግሌ ሆነ፤ ስሙ ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። ከአሮጌው ልማድ የተረፈም አለ። ዮሉፑኪ በጭስ ማውጫ ሾልኮ አይገባም፤ በዋዜማው ማታ፣ ቤተሰቡ ነቅቶ ሳለ፣ በር አንኳኩቶ ይገባል። ሄልሲንኪ ጎረቤቶቼ ቤት አንድ ዋዜማ ተጋብዤ ስለነበር በዓይኔ አይቼዋለሁ። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ካፖርቱ ላይ በረዶ የነጠበበት ሰው ደፍ ላይ ቆሞ በወፍራም ድምፅ «እዚህ ቤት ጨዋ ልጆች አሉ?» ሲል ታናሹ ልጅ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ፤ ታላቋ ግን ደፍራ ወጥታ መዝሙር ዘመረችለት። ስጦታው የታደለው ከመዝሙሩ በኋላ ነው።

መኖሪያውም ቢሆን በሕዝብ ልብ ውስጥ የተተከለበት ቀን ይታወቃል ማለት ይቻላል፤ በ1927 ማርኩስ ራውቲዮ፣ ልጆች አጎት ማርኩስ የሚሏቸው የሬዲዮ አቅራቢ፣ የገና አባት የሚኖረው በኮርቫቱንቱሪ ነው ብለው በልጆች ፕሮግራማቸው ተናገሩ። ኮርቫቱንቱሪ ማለት የጆሮ ተራራ ማለት ነው፤ ቅርጹ ጆሮ ስለሚመስል የዓለም ልጆች የሚመኙትን ሁሉ ከዚያ ሆኖ ይሰማል። ተራራው ከሩሲያ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ፣ ሰው እንደ ልቡ በማይደርስበት ቦታ ስለሆነ፣ እንግዳ የሚቀበለው ሮቫኒዬሚ መጥቶ ነው።

በመንደሩ ባለው ቢሮው ውስጥ የገና አባትን ማግኘትም ክፍያ የለውም፤ በራስ ካሜራ ማንሳት ግን አይፈቀድም፤ ፎቶ የሚፈልግ እዚያው የተነሣውን ይገዛል፤ ለዚህም አስቀድሞ በጀት መያዝ ያስፈልጋል። ወደ እሱ በሚያደርሰው መተላለፊያ ያለው ግዙፍ ፔንዱለም፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ዘንግ፣ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ በአንድ ሌሊት ሁሉም ቤት ይዳረስ ዘንድ የምድርን ዙረት የሚያዘገይ መሣሪያ ነው ይባላል። ከእኔ ፊት የነበረ ልጅ የአባቱን እጅ ጎትቶ ፔንዱለሙ እስኪመለስ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ አይቼ፣ እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

ለእህቴ የላክሁት ካርድ ከሳምንት በኋላ ደረሰ። የቀዩ ሳጥን ካርድ ደግሞ በዲሴምበር 17፣ ማኅተሙ በጥቂቱ ከመደብዘዙ በቀር ሳይታጠፍ ገባ። ስለዚህ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሆኖም ዘጠኝ ወር ረጅም ነውና ተቀባዩ ቤት የሚቀይር ከሆነ ቀዩን ሳጥን አይጠቀሙ፤ አድራሻውንም ቀለሙ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ። የሚቻል ከሆነ በዲሴምበር ሳይሆን በማርች ይሂዱ፤ ቀኑ ይረዝማል፣ በረዶው ገና አልቀለጠም፣ በጽሕፈት ጠረጴዛው ዘንድም የሚያስነሳዎት ሰው የለም።

የእህቴ ልጅ ካርዱን እንዳነበበች ደውላልኝ ነበር። «አክስቴ» አለችኝ፣ «ያ ፍየል ምግብ መለመኑን ትቶ ስጦታ መስጠት የጀመረው ኒኮላውስ አስተምሮት ነው?» የዚህኛውን መልስ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ማርች ላይ ባቡር ስሳፈር ይዤው እሄዳለሁ።