ላመሰግነው የሚገባ የጊታር ባለሙያ፦ ሳይነካ አስቀድሞ የሚያዳምጥ ሰው

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። የኤሌክትሪክ ጊታር ያላችሁ፣ በተለይም የምትወዱትን ሰው ድምፅ ቤታችሁ ውስጥ ለማምጣት ስትለፉ የከረማችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከጆሮዬ ያልወጣ አንድ ቃና አለ፤ ኩዊን የሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች የብራያን ሜይ ቃና። ወፍራም ነው፣ ግን አይጎረብጥም፤ ይጮኻል፣ ግን ጆሮ አይቆረቁርም። አንድ ኖታ ይዞ ሲቆይ ጊታር ሳይሆን ሰው እያዜመ ይመስለኛል። ያንን ቃና አባቴ በሰጠኝ ጊታርና ከአልጋዬ አጠገብ በምትቀመጠው ትንሽ አምፕሊፋየር ለማውጣት ስድስት ዓመት ደክሜያለሁ።

መድከም ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። የመጀመሪያው የሄድኩበት ሰው አንድ ውድ ፔዳል፣ በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ፣ ሸጠልኝ። «ይህን ከሰካህ ራሱ ብራያን ሜይ ቤትህ መጣ ማለት ነው» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስሰካው የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነበር። ልመልስ ስሄድ መልስ የሚሰጠኝ እንኳን አጣሁ። ሁለተኛው አምፕሊፋየሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ጣለውና ትልቅ ግዛ» አለኝ። ሦስተኛው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ጊታሬን ሁለት ወር ሙሉ አስቀምጦ፣ ሳያስፈቅደኝ ከፍቶ፣ ሰውነቱ ላይ ረጅም ጭረት አኑሮበት መለሰልኝ። «ድሮም ነበረበት» አለ። አልነበረበትም። አባቴ ያንን ጊታር ሲሰጠኝ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው፤ እያንዳንዱን ጥግ አውቀዋለሁ። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ያን ቀን ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ለአንድ ዓመት ያህል አልከፈትኩትም።

ወደዚህ ባለሙያ የወሰደኝ ጓደኛዬ ነው፤ እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሽበት የወረሰው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መፍቻ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ወንበር አቀረበልኝና «ቁጭ በልና ተጫወት» አለኝ።

«ምን ልጫወት ጋሼ?»

«የምትወደውን።»

ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ደቂቃ ያህል አዳመጠኝ። ሳልፈራ የተጫወትኩት ሰው ፊት ያኔ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ ያየኋቸው ሁሉ ዕቃዬን አዩ እንጂ እኔ ስጫወት የሰማ አንድም አልነበረም። ስጨርስ ምንም ሳይናገር ክር የምመታበትን ፕላስቲክ ፒክ ከጣቴ ወሰደና ከኪሱ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ሳንቲም አውጥቶ ሰጠኝ። «በዚህ ሞክር፣ ልጄ።»

ሞከርኩ። ያ የስድስት ዓመት ፍለጋዬ ግማሹ እዚያች ሳንቲም ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ኖሯል! ብራያን ሜይ የሚመታው በድሮው የእንግሊዝ ስድስት ፔኒ ሳንቲም እንደሆነ ያኔ ነገረኝ። ሳንቲም አይለመጥም፤ ጥርሱ ደግሞ ክሩን ቧጨር እያደረገ ያልፋል። ኖታው ከመዘመሩ በፊት እንደ ተነባቢ ፊደል ያለ ነገር ይቀድመዋል። የእኔ ድምፅ ሁልጊዜ የሚንሸራተት የሚመስለኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ አምፕሊፋየሬን እስከ መጨረሻው ከፈተና የጊታሩን የድምፅ መጠን ዝቅ አደረገ። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ተቃራኒውን ነበር። «ማጉያው ይከፈት፤ ልጓሙ ያለው ጊታሩ ላይ ነው» አለኝ። ስለ ውስጡ ሥራ ብዙ አስረዳኝ፤ ሁሉም አልገባኝም። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ጥቃቅን ዕቃዎችም በባትሪ የምትሠራ አንዲት ሳጥን ገጣጥሞ ሰጠኝ፤ ትሬብል ቡስተር ትባላለች፤ ቀጭኑን ድምፅ ትገፋዋለች። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ።

«አምፕሊፋየሩ ትንሽ ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት። ፈገግ አለና እ.ኤ.አ. በ1972 የኩዊን ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን ተጥሎ ካገኘው የሰርኪዩት ሰሌዳ ስለሠራት ትንሽ ማጉያ አጫወተኝ። በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ናት። ብራያን ሜይ ስቱዲዮ ውስጥ ደራርቦ የቀዳቸውን፣ እንደ ኦርኬስትራ የሚሰሙትን ጊታሮች ብዙ ጊዜ ያወጣው በእርሷ ነው። ይህን ስሰማ ያ አምፕሊፋየሬን በእግሩ የገፋው ሰው ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ስለ ጭረቱም ጠየቀኝ፤ የአባቴን ነገር ነገርኩት። ጊታር ልለውጥ እንደማስብም አልደበቅኩትም። «አትለውጥ» አለኝ ወዲያው። ብራያን ሜይ የሚጫወትበትን ጊታር ከአባቱ ጋር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት የተጠረበ፣ ሞላዎቹ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተፈቱ። ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብሮት አለ። «አባትህ የሰጡህን ጊታር ጭረት አያስለውጥም» ብሎ ጨርቅ አንስቶ ወለወለልኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ አልሸነገለኝም። «የብራያን ሜይ ጊታር ሦስት ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚቀበል ዕቃ፣ አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። ያንተ እንደዚያ አይደለም፤ እጅግ ትቀርባለህ እንጂ ልክ እርሱን አትሆንም» አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ ሙሉውን ቃል ገብተው ምንም አልሰጡኝም። እርሱ «ትቀርባለህ» ብሎ የሰጠኝ ግን ለስድስት ዓመት የፈለግኩትን ነው።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ስጫወት ሁልጊዜ «በሩን ዝጋው» የምትለኝ እናቴ በሩን ከፍታ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስክጨርስ ድረስ አልተነሳችም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ወደዚህ ሰው ሂዱ። ገንዘባችሁን ፔዳል ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ሂዱ፤ ጊታራችሁን ለማንም ሰጥታችሁ ከማልቀሳችሁ በፊት ሂዱ። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ በግል ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ቤት የምትጫወቱበትን አምፕሊፋየርና ገመዱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አስቀድሞ የሚለው «ተጫወት» ነውና።