ፊልም በሲኒማ ቤት ወይስ በመኖሪያ ቤት?

እንደ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ባሉ የአዲስ አበባ አንጋፋ አዳራሾች አስቂኝ ፊልም ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከኋላ ወንበር የተነሣ ሳቅ የፊቱን ረድፍ ሲያዳርስ የተዋናዩ ቀጣይ ንግግር እስከማይሰማ ድረስ አዳራሹ ይናወጣል፤ ያው ትዕይንት ሳሎን ውስጥ በፈገግታ ብቻ ይታለፋል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ታሪክም የሚገባውን ትዕግሥት የሚያገኘው መብራት በጠፋበት አዳራሽ ነው። ቤት ውስጥ በአንጻሩ በዩቲዩብ የተለቀቀን የአማርኛ ፊልም መላው ቤተሰብ ያለ ትኬትና ያለ ትራንስፖርት ወጪ ያያል፤ ሕፃን የያዘች እናትም ፊልሙን አቁማ ልጇን ካስተኛች በኋላ ትቀጥላለች። ሆኖም ፊልሙ አዲስ ከሆነና አቅም ከፈቀደ እኔ አዳራሹን እመርጣለሁ፤ የትኬቱ ገቢ ለፊልም ሠሪው ቀጣይ ሥራ መነሻ ይሆነዋልና።