ስቶማ ዙሪያ ላበጠባችሁ፦ ስለ ላስቲክ ቀበቶው

አንጀቴ ተጠማዞ ኦፕሬሽን ከሆንኩ ጀምሮ ኮሎስቶሚ ነው ያለኝ (ትልቁ አንጀት ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣል፣ ሰገራው እዛ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል፣ የወጣው የአንጀት አፍ ስቶማ ይባላል)፣ ቆየት ብሎ ደሞ ስቶማው ዙሪያ አበጠ፣ ስቆምና ሳስል ይወጣል ስተኛ ይገባል። ኸርኒያ ነው ተባልኩ፣ ለስቶማው የተከፈተው ጡንቻ ሲላላ አንጀት በዛ በኩል ገፍቶ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው ላይም ይወጣል። በኦፕሬሽን ቢሰራም ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል ካላስቸገረ በቀበቶ ይያዛል።

ቀበቶውን የአክስቴ ልጅ ናት ከዱባይ የላከችልኝ፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ በቬልክሮ ይዘጋል፣ ከረጢቱ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳም አለው። ከሱ በፊት ባህር ዳር ከአንድ ፋርማሲ የገዛሁት የወገብ ቀበቶ ነበር፣ ኧረ ለዚህ ነገር እንዳትገዙት! ቀዳዳ የለውማ፣ ከረጢቱን ይጨፈልቀዋል፣ ሰገራው ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው ስቶማው ላይ ይከማችና ማጣበቂያውን ገፍቶ ያፈሳል።

ይሄኛው ግን ጥሩ ነው፣ አስተሳሰሩን ካወቃችሁበት። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ በጀርባዬ ሆኜ እብጠቱን በመዳፌ ቀስ አድርጌ አስገባዋለሁ፣ ከዛ ነው የምዘጋው፣ ቆማችሁ ካሰራችሁት የወጣውን እንደወጣ ነው የሚያስረው። ማታ አወልቀዋለሁ። ቀዳዳው ለኔ ሰፍቶ እብጠቱ በዛ በኩል ብቅ ይል ነበር፣ ማርቆስ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ በከረጢቱ ቀለበት ልክ አጠበበልኝ (በስቶማው ልክ እንዳታስጠብቡት፣ ያንቀዋል)።

አሁን መቋሚያ ይዤ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፣ የጎተት ጎተት ስሜቱ በጣም ቀሏል። ሽሮና ባቄላ በልቼ ከረጢቱ በአየር ሲነፋ ግን ትንሽ ላላ አደርገዋለሁ። በሚያዝያ የባህር ዳር ሙቀት ያልባል፣ ከስር ስስ ካናቴራ ልበሱ፣ ሲታጠብም በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፣ ፀሐይ ላስቲኩን ይገድለዋል። ቀበቶ አለኝ ተብሎ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይነሳም እሺ? ሲያስላችሁም በእጃችሁ ደገፍ አድርጉት።

እብጠቱ ላይ ቆዳው ስለሚወጠር የከረጢቱ ማጣበቂያ ጠርዙ ይላቀቃል፣ እኔ ጠርዙን ዙሪያውን በመቀስ ትንሽ ትንሽ እሰነጥቀዋለሁ፣ ያኔ ጎብጦ ይለጠፋል። የስቶማው መጠንም ይቀየራልና እንደገና ለክታችሁ 2 ወይ 3 ሚሊ ብቻ አስፍታችሁ ቁረጡ። እብጠቱ ጠጥሮ አልገባም ካለ፣ ኃይለኛ ህመምና ትውከት ከመጣ፣ ሰገራም አየርም ከቆመ ወይ ስቶማው ከጠቆረ ቀበቶውን አውልቃችሁ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ፣ ነገ አትበሉ።

ዋጋው ስለተላከልኝ አልነግራችሁም፣ እዚህ ጎጃም ፈልጌ አላገኘሁትም። ከውጭ የምታስልኩ በስቶማው ትክክል የሆዳችሁን ዙሪያ፣ የቀለበቱን ስፋትና ስቶማው በግራ ይሁን በቀኝ ጽፋችሁ ላኩ፣ የኔ በግራ ነው።