«አንድሮሜዳ»ን ያመጣልን የስም አፕ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ግንቦት ላይ ሚስቴ አምስተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ስልኬ ላይ የሕፃን ስም መምረጫ አፕ ጫንኩ። የአፑን ስም አልጠራም። «ነጻ» ይላል፤ ሃያ ስም ካየህ በኋላ ግን በወር 5 ዶላር ክፈል ይልሃል። ከፈልኩ። የመጀመሪያ ልጃችን ናት፣ ሴት መሆኗንም ነግረውናል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ሕፃን ሳይሰየም ከሆስፒታል ይውጣ ብትል ወረቀቱ መከራ ያሳይሃል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ስም ይመጣል። ከወደድከው ወደ ቀኝ፣ ካልወደድከው ወደ ግራ ትገፋዋለህ። ሚስቴም በስልኳ ለብቻዋ ትገፋለች። ሁለታችንም የወደድነው ሲገኝ ደወል ይደውላል። በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ ደወለ። ሌሊት ነበር፤ ሁለታችንም ጀርባ ተሰጣጥተን ስልክ ላይ ነን። «አንድሮሜዳ» ይላል።

እኔ የገፋሁት ለሰማዩ ብዬ ነው። ልጅ ሆኜ የሰማይ ነገር ይወስደኝ ነበር። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃን እኛ ጋ እስኪደርስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ሚስቴ ግን ሌላ ሒሳብ ነበራት። «ሲያጥር ሮሚ ይሆናል» አለችኝ። አለቀ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አፑ ስለ ስሙ የጻፈው ሁለት መስመር ነው። መነሻው ግሪክ፣ ትርጉሙ «ወንዶችን የምትገዛ»። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ግማሽ ነው እንጂ። የስሙ የፊተኛው ክፍል «ወንድ» ማለት ነው። የኋለኛው ግን መግዛትም ማሰብም ይሆናል። ስለዚህ «ባሏን የምታስብ» ብለው የሚፈቱትም አሉ። ለሚስቴ ሁለቱንም አነበብኩላት። የትኛውን እንደመረጠች መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ያናደደኝ ያልተጻፈው ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት! አባቷ ሴፌዎስ፣ እናቷ ካሲዮፔያ። አፑ ስመዘገብ «የዘር ሐረግዎ ከየት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «ኢትዮጵያ» ብዬ ሞልቼ፣ ከዚያ ይህን ስም አምጥቶልኝ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ተረቱን ላሳጥረው። ካሲዮፔያ ጉረኛ ነበረች። ከባሕር ቆነጃጅት ሁሉ እበልጣለሁ አለች፤ አይ፣ ልጄ ትበልጣለች ነው ያለችው የሚሉም አሉ። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከባቸው። ንጉሡ ጠንቋይ ቢያስጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ተባለ። ልጅቷን ባሕር ዳር ካለ ድንጋይ ጋር በሰንሰለት አሰሯት። እናት ባወራችው ልጅ ከፈለች። ጀግናው ፔርሴዎስ ፀጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ አያት፣ አውሬውን ገደለ፣ አገባት። ሲሞቱ ሁሉም ሰማይ ላይ ኮከብ ሆኑ።

በእርግጥ የግሪኮች «ኢትዮጵያ» የዛሬው ካርታችን አይደለም። ከግብፅ በታች ያለውን፣ ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረውን ሕዝብ ሁሉ በጅምላ እንዲያ ይሉት ነበር። እንዲያውም ድንጋዩን ኢዮጴ የሚያደርጉት አሉ። አዎ፣ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ፣ የዛሬዋ ያፎ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፣ የሰንሰለቷ ምልክት እዚያ እንደሚታይ ጽፏል። ቴል አቪቭ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከወደቡ ፊት ያሉትን ድንጋዮች ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዛሬም በአንድሮሜዳ ስም ነው የሚጠሩት። «አንድ ዕንቁራሪት እንኳ አይታሰርበትም፣ ትንሽ ነው» የሚል ጽፋበታለች።

አፑ ከስሙ ሥር ያስቀመጠው ሥዕልም ፀጉሯ ወርቅማ፣ ቆዳዋ ወተት የመሰለ ፈረንጅ ነው። በዚህ እንኳ ብቻውን አልወቅሰውም፤ የአውሮፓ ትልልቅ ሠዓሊዎች እነ ቲሲያንም ነጭ አድርገው ነው የሳሏት። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ ግን የአገሯ መልክ ያላት ጠይም እንደሆነች ጽፎ ነበር። ሥዕሉን ስክሪን ላይ በጣቴ ሸፍኜ ነው ለሚስቴ ያሳየኋት።

ጎበዝ የሆነበትም አለ። የስሙን ብዛት የሚያሳየው ሠንጠረዥ ንጹሕ ነው። ቁጥሩን የሚወስደው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከሚያወጣው የሕፃናት ስም መዝገብ ነው፤ ያ መዝገብ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1880 ጀምሮ አለ። ፔኔሎፔንና ክሎይን ስትፈልግ፣ ግሪክ ሆነው አሜሪካን እንዴት እንዳጥለቀለቁ በመስመር ታየዋለህ። ብርቅ ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። በዓመት ከ5 ሕፃን በታች የተሰጠ ስም መዝገቡ ላይ አይወጣም። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ፣ አምና 6 የነበረ ዘንድሮ 12 ከሆነ አፑ ቀይ ቀስት ለጥፎ «በእጥፍ አደገ!» ይልሃል። ስድስት ሕፃን ነው እኮ! እኔ በ14 ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ አንዲት አንድሮሜዳ አላጋጠመችኝም።

የኢትዮጵያ ስሞች ክፍሉን ዝለሉት። ጫልቱን የወንድ ስም ብሎታል።

እናቴ ለማረስ ከመምጣቷ በፊት በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ምን ሜዳ?»

«አንድሮሜዳ፣ እማዬ።»

«ልጅቷን ገና ሳትወለድ ሜዳ ላይ ልትጥሏት ነው?»

ሜዳ ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው የጣሏት ልል ነበር፤ ተውኩት። «ደግሞ የግሪክ ጣዖት ስም!» አለች። ይኼኔ አፑን ከፍቼ የእሷን ስም ፈለግኩ። እናቴ እሌኒ ትባላለች። ለእኛ መስቀሉን ያስወጣችው ንግሥት ናት። ስሙ ግን ያው ግሪክ ነው፤ ትሮይ የተቃጠለችባት ቆንጆም ይኸው ስም ነው ያላት። ግሪኮች ዛሬም እንደኛ «ኤሌኒ» ነው የሚሉት። ይህን አፑ አሳምሮ ጽፎታል፣ ውለታውን አልክድም። አነበብኩላት።

«የኔ በጠበል የጠራ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ልጃችን ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀራት ተወለደች። የሆስፒታሉ ፎርም ላይ አንድሮሜዳ ብለን ሞላን። የክርስትና ስሟን በሰማንያ ቀኗ እናያለን፤ እሱን አፑ አያገባውም። አፑ ግን ከወለድንም በኋላ 5 ዶላሩን ሁለት ጊዜ ቆርጧል። ማቋረጫውን ፈልጎ ማግኘት ስም ከማግኘት ይከብዳል። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ለንጉሡ ልጅ ነው።

እናቴ «ሮሚዬ» ነው የምትላት። በጥቅምት አንድ ማታ በረንዳ ላይ ይዛት ቆማ «የቷ ናት?» አለችኝ። የመንገዱ መብራት ሰማዩን በልቶታል። ጠማማዎቹን አምስት የካሲዮፔያ ኮከቦች ብቻ ነበር ማሳየት የቻልኩት።

«እሷ ጉረኛዋ እናቷ ናት አይደል?»

«አዎ።»

«ልጅቷስ?»

«ከሥሯ ናት። መብራቱ ሸፍኗት ነው።»

ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈን አደረገቻትና፣ «ይቺ እናት ዛሬም አላረፈችም» አለች።