ኮምቦልቻ ላይ የተሰጠን የነርስ አስተባባሪዎች ሥልጠና፦ ጠዋቱ ደካማ፣ ከሰዓቱ ግሩም

«ለተቋም ያለ ቁርጠኝነት» የሚል ርዕስ ያለው ይህ ሥልጠና የተሰጠው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የሆቴል አዳራሽ ነው። አብዛኞቻችን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ከደሴ የመጣን የዋርድ ኃላፊዎች ስለሆንን ገና ከመግባታችን ሹራባችንን አወለቅን፤ የአዳራሹ ማራገቢያ ግን ከጌጥነት አላለፈም። የጾም ምሳው ጥሩ ነበር። ስለ መስተንግዶው ይህ ይበቃል።

ጠዋት አሠልጣኙ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ማየርና ናታሊ አለን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ያቀረቡትን ሐሳብ ከስላይድ ላይ አነበበልን። ሰው መሥሪያ ቤቱን የማይለቀው ወይ ወዶት፣ ወይ መልቀቁ የሚያሳጣው ነገር በዝቶበት፣ ወይ ደግሞ የግዴታ ስሜት ይዞት ነው። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ሰውየው ግን ዋናውን ነገር ዘሎት አለፈ። መሄጃ አጥቶ የተቀመጠ ሠራተኛ ስለቆየ ብቻ ትጉ አይሆንም። አለቆቻችን ደግሞ የሚቆጥሩት መልቀቂያ ያስገባውን ብቻ ነው።

ሥልጠናው ነፍስ የዘራው ከሰዓት በኋላ፣ በቡድን ስንወያይ ነው። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል የመጡ አንጋፋ ሲስተር፣ «በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ የተዘረፈ ባዶ ክፍል ነበር የጠበቀን፤ ያን ጊዜ ልልቀቅ አላልኩም። አሁን ለአንሶላ ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ፈራሚ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ግን ያምረኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል! ተረኛ ነርስ ስትቀር የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ምትክ ለመመደብ ግን የሌላ ሰው ፊርማ እጠብቃለሁ። አስተባባሪ ስሆን የሌሊት ተረኝነቱ ቀረልኝ፣ ክፍያውም አብሮ ቀረ፤ ሹመት ኪስ ሲያሳሳ ያየሁት በራሴ ነው። እስካሁን ያቆየችኝ ማትሮናችን፣ የነርሶች ሁሉ ኃላፊ፣ ናት። አስታማሚ ከነርስ ጋር ሲጣላ ቅጣት ከመጻፏ በፊት ነርሷን ጠርታ ትሰማለች፤ የወር ተራ ስናወጣም ማን ጡት እንደምታጠባ፣ ማን ማታ እንደምትማር ታውቃለች። በስላይዱ ላይ እንዲህ ያለ አለቃ አልተጠቀሰም።

ይህን ሁሉ በትልልቅ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ማምሻውን አሠልጣኙ ጠቅልሎ ወሰደው፤ ለማን እንደሚያደርሰው ብጠይቀው «ሪፖርቱ ውስጥ ይካተታል» አለኝ። እንግዲህ ሪፖርት!

ለቀጣዩ ዙር የምትጠሩ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሂዱ፤ ከሌላ ሆስፒታል አስተባባሪ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ብቻውን ይበቃል። አዘጋጆቹ ግን በሚቀጥለው የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችን፣ የፋይናንስና የንብረት ክፍል ኃላፊዎችን እዚያው ወንበር ላይ ያስቀምጡልን፤ አንሶላውን የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። ውሎ አበሉን ለምትጠይቁኝ፣ በሰዓቱ ተከፍሏል።