ከቦንዳ የወጣው ሊቫይስ፣ በልብስ ሰፊ ዓይን

ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ቦንዳ በተፈታ ዕለት ነው ያገኘሁት። ከክምሩ ሥር አንድ እግሩ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ጎትቼ ሳወጣው ሊቫይስ 501 ጂንስ ሱሪ። ሻጩ ልጅ 1,500 ብር አለኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም!» ጉልበቱ ነጥቷል እኮ። ስቄ 900 ሰጠሁትና ይዤ ሄድኩ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ ሳይ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። የዚህ ቂጡ ላይ ሁለቱ ጨርቅ እርስ በርሱ ተጣጥፎ ተቆላልፏል። ላዩ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ክር ሄዶበታል። እንዲህ የተሰፋ ነገር ጨርቁ ካልተቀደደ ስፌቱ አይፈታም።

ኪሱ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ የመዳብ ምስማሮች ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። ታሪካቸውን ለደንበኞቼ ሁሉ አወራለሁ፣ እዚህም ልድገመው።

ሊቫይስ ስሙን ያገኘበት ሊቪ ስትራውስ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ነጋዴ ነው። በ1829 እ.ኤ.አ. ባቫሪያ ተወለደ። አባቱ ከሞተ በኋላ፣ በ18 ዓመቱ፣ ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር አሜሪካ ገባ። በ1853 ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጥ በጅምላ መሸጥ ያዘ። ከደንበኞቹ አንዱ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል የሬኖ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሴት ለባሏ ቶሎ የማይቀደድ የሥራ ሱሪ አዘዘችው። ዴቪስ ለፈረስ ልብስ የሚጠቀምበትን የመዳብ ምስማር አነሳና ኪሱ ጥግ ላይ መታበት። የተከፈለው 3 ዶላር ነው።

ከዚያ ትዕዛዙ ጎረፈ። ዴቪስ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማውጣት ፈለገ። ማስመዝገቢያው 68 ዶላር። ለስትራውስ ደብዳቤ ጽፎ፣ ወጪውን ቻልና አብረን እናውጣው አለው። ስትራውስ አላመነታም። ሜይ 20 ቀን 1873 ፓተንቱ ወጣ። ያኔ የእኛዋ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ነበር የምትባለው።

ዴቪስ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ የማምረቻውን ሥራ በኃላፊነት መራ። ስሙ ግን ሱሪው ላይ የለም። ይሄ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ሐሳቡ የልብስ ሰፊው፣ ስሙ የባለሱቁ። ባለቤቴ ግን «ታዲያ 68 ዶላሩን ማን ቻለለት?» ትለኛለች። እሷ ነጋዴ ናት፣ ለወገኗ ነው።

ወደ ሱሪው ልመለስ። ለእኔ ረዥም ስለነበር 8 ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩለት። ታቹን አጥፌ ስሰፋ፣ ጎኑ ላይ ጨርቁ የተደራረበበት ቦታ ስደርስ 16 ቁጥር መርፌ ቀጭ አለ። 18 ቁጥር አስገባሁ። ውፍረቱን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ከዚያ ፔዳሉን ትቼ መዘውሩን በእጄ ቀስ እያልኩ በማዞር አለፍኩት። ጂንስ ማሳጠር ለምን ይወደዳል ለምትሉኝ፣ ምክንያቱ ይሄው ነው።

የፊተኛው ባለቤት ቁልፍ ይይዝበት ኖሮ የቀኝ ኪሱ ገበር ተበስቷል። በአቡጀዲ ቀየርኩት። ዚፕ የለውም፣ በቁልፍ ነው የሚዘጋው። ጠላ ጠጥቶ ለሚቸኩል ሰው አልመክርም።

አሁን ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰፋበት እውላለሁ፣ ቂጡ አልሳሳም። ከምስማሮቹም አንድ የወለቀ የለም። ትናንት ሻጩ ልጅ በሱቄ በር ሲያልፍ ቆም ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ በ1,500 መልሰው ይሽጡልኝ?»

«2,000 ነው» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም።»