ለቁልፍ ቃልና ለሊንክ ባለሙያዋ እህታችን ምስጋና፤ ለአነስተኛ ድረ ገጽ ባለቤቶች ጥቆማ

በሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እያሠራን በድረ ገጽ የምንሸጥ ነጋዴዎች ነን። ይህን የምንጽፈው የገጾቻችንን የቁልፍ ቃል ጥናት (ሰው ጎግል ላይ የሚጽፈውን ቃል ማጥናት) እና የሊንክ ሥራ (ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ እንዲያመለክቱ ማድረግ) የሠራችልንን እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሟና ስልኳ በግልጽ እንዲለጠፍ ስላልፈለገች በውስጥ መስመር ለሚጽፍልን እናገናኛለን። ሥራዋን ግን እዚሁ በዝርዝር እናስቀምጣለን፤ «ጎግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው በበዛበት ገበያ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያላወቀ ደንበኛ ገንዘቡ ይበላበታል። አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል ራሱ በመመሪያው ጽፏል። የእህታችንም የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።

ሥራዋን የምትጀምረው ባለቤትነትን ከማስተካከል ነው። ሰርች ኮንሶል የሚባለው ነጻ የጎግል አገልግሎት ሰው በምን ቃል ፈልጎ ገጻችሁን እንዳየና እንደከፈተ ያሳያል። እሷ የምታስመዘግበው ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) በተገዛበት ቦታ የማረጋገጫ ጽሑፍ በዲኤንኤስ፣ ማለትም በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ በማስገባት ነው፤ እንዲህ ሲደረግ የገጹ አድራሻ በየትኛውም መልኩ ቢጻፍ አብሮ ይያዛል። ባለቤት ሆኖ የሚመዘገበው ባለሱቁ ነው፤ እሷ የምትገባው በተጠቃሚ ፈቃድ ብቻ ነው። ብዙ ሱቆች ድረ ገጹን በሠራላቸው ልጅ ኢሜይል ስለተመዘገቡ፣ ልጁ ሲለያቸው የራሳቸውን መረጃ ማየት ያቅታቸዋል። መረጃው መከማቸት የሚጀምረው ከምዝገባ በኋላ ነው፣ ወደኋላ የሚያሳየውም 16 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ለመቅጠር ባታስቡም ምዝገባውን ዛሬ ጨርሱ።

ቀጥሎ የጠየቀችው የደንበኞቻችንን የቴሌግራም መልእክት ነበር። ደንበኛ «ባህላዊ አልባሳት» ብሎ አይጽፍም። «የመልስ ልብስ ስንት ነው?»፣ «ለሚዜ 6 ቀሚስ በ3 ሳምንት ይደርሳል?»፣ «አዲስ ጥልፍ አሳዩኝ»፣ «ልኬት እንዴት ልላክ?» ይላል። የመጀመሪያው ዋጋ ፈላጊ ነው፤ ሁለተኛው ለመግዛት ቆርጦ ቀን ብቻ የጨነቀው ነው፤ ሦስተኛው ፎቶ እያየ ያማርጣል፤ አራተኛው መመሪያ ይፈልጋል። አራቱን በአንድ ገጽ ላይ ያጨቀ ድረ ገጽ ለአንዳቸውም በቂ መልስ አይሰጥም። እሷ ለእያንዳንዱ ፍላጎት አንድ ገጽ ትመድብና ቃላቱን በዚያ ሥር ትሰበስባለች። ከዚያ በጎግል መፈለጊያ ላይ «የሀበሻ ቀሚስ» ብላ ጽፋ ከኋላው በየተራ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ዋ እያለች ጎግል የሚያሟላውን ትመዘግባለች። ይህ የሚሠራው አካውንት ባልገባበት፣ የቆየ ፍለጋ በማያስታውስ መስኮት ነው፤ አለዚያ የሚመጣው የራሳችሁ የትናንት ፍለጋ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ልናመሰግናት የሚገባው ግን ለፊደላችን ላሳየችው ጥንቃቄ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ ማንኛውም ትምህርት ይህን አያስተምርም። አንዱ «ሀበሻ» ሌላው «ሐበሻ» ይጽፋል፤ «ሠርግ» እና «ሰርግ»ም እንዲሁ። የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ደግሞ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ «ሠርግ»፣ «የሠርግ»፣ «ለሠርግ» በዝርዝሩ ላይ ሦስት የተለያዩ ቃላት መስለው ይቀመጣሉ። ፍላጎቱ በየፊደሉ ተበታትኖ ስለሚታይ እያንዳንዱ ኢምንት ይመስልና ባለሱቁ ቃሉን ይጥለዋል። መፍትሔዋ ቀላል ነው፦ በሰርች ኮንሶል የአፈጻጸም ገጽ ላይ ጥያቄዎችን የሚያጣራውን ክፍል ከፍታ፣ ሬጀክስ የሚለውን (በአንድ ቀመር ብዙ አጻጻፍ የሚፈልገውን) ትመርጥና [ሀሐኀ]በሻ ወይም [ሰሠ]ርግ ብላ ትጽፋለች። በቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት በአንዱ የተጻፈ ሁሉ፣ ከፊቱ የ ወይም ለ ቢኖረውም፣ በአንድ ላይ ተደምሮ ይመጣል።

ይህን ያወቁ አንዳንድ ሰዎች ለ«ሀበሻ ቀሚስ» አንድ፣ ለ«ሐበሻ ቀሚስ» ሌላ ገጽ ይከፍታሉ። ስሕተት ነው። ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ ይሻማሉ፣ ሊንኩም ለሁለት ይከፈላል። እሷ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ለርእሱ ትወስዳለች፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ ወይም በፎቶው መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ ታስገባለች፤ ከዚያ በላይ አትደጋግምም። በላቲን ፊደልና በእንግሊዝኛ የሚፈልገው፣ በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢው ያደገው ልጅ፣ ግን ሌላ አንባቢ ስለሆነ ሙሉ የእንግሊዝኛ ገጽ ይገባዋል። የሁለቱን ገጾች ዝምድና የሚናገረው ኤችሬፍላንግ የሚባለው ምልክት በሁለቱም ላይ መጻፍ አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከተጻፈ ጎግል አይቀበለውም።

ከፊደል ሳንወጣ ሁለት ነገር እንጨምር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ካታሎጎች ዛሬም ይጫናሉ። ለዓይን አማርኛ ናቸው፤ ለጎግል ግን ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ናቸው። ዋጋና መጠን በፎቶው ላይ ብቻ ከተጻፈም ከፎቶው ውጭ በጽሑፍ መደገም አለበት። ሌላው የገጹ አድራሻ ነው። አድራሻው በፊደላችን ሲጻፍና ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይለወጣል። የ20 ፊደል ርእስ 180 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ሰው የተበላሸ ወይም የማጭበርበሪያ ሊንክ ይመስለዋል። አድራሻው በአጭር ላቲን፣ ርእሱና ጽሑፉ በአማርኛ እንዲሆን ታደርጋለች።

ቁጥርን በተመለከተ ቶሎ እንለፍ። የጎግል ኪወርድ ፕላነር (አንድ ቃል በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ የሚገምት መሣሪያ) ማስታወቂያ ለማያስነግር ሰው የሚሰጠው ከ100 እስከ 1000 ዓይነት ሰፊ ግምት ነው፤ ለአማርኛ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ቁጥር የለም ማለት ፈላጊ የለም ማለት አይደለም። ሰርች ኮንሶልም ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸውን ጥያቄዎች ለግል ምስጢር ሲል ስለሚደብቅ ድምሩና ዝርዝሩ አይገጥሙም፤ በዚህ አትደንግጡ። እሷ ቅድሚያ የምትሰጠው ገጻችን በጎግል ውጤት ላይ በአማካይ ከ8ኛ እስከ 20ኛ ደረጃ ለሚወጣባቸው ጥያቄዎች ነው። ጎግል ገጹን ከጉዳዩ ጋር አገናኝቶታል፣ መልሱ ግን አልሞላለትም ማለት ነው። አዲስ ገጽ ከመክፈት በፊት እነዚህን መሙላት ይቀላል።

ወቅትን የምትይዝበት መንገድም የኛ ነው። በጾም ሠርግ ስለሌለ የሠርግ ፍለጋ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይከማቻል። ገጹ ከወቅቱ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ሙሽራ ልብስ የምታዝዘው ቀድማ ነውና። በየዓመቱ አዲስ ገጽ አይከፈትም፤ በአንዱ አድራሻ ላይ ዓመቱና ፎቶው ይታደሳል። ዓመቱ ሲጻፍም ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. መሆኑ ይገለጻል፤ አገር ቤትና ውጭ ያለው ሰው የሚጽፉት ቁጥር ይለያያል።

ወደ ሊንክ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። «በሳምንት 1000 ባክሊንክ» (ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ የሚያመለክት ሊንክ) የሚሸጡ ሰዎች የሚያቀርቡት በአብዛኛው ባለቤታቸው የተዋቸውን አሮጌ ዶሜይኖች ገዝተው የሞሏቸውን ገጾች ነው። ጎግል ደረጃ ለማግኘት ሲባል የሚገዛን ሊንክ ይከለክላል፤ የተከፈለበት ሊንክ ስፖንሰርድ ወይም ኖፎሎው (ለደረጃ አትቁጠረው እንደማለት) የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 የወጣው ፔንግዊን የተባለው የጎግል ማሻሻያ በተገዛ ሊንክ የቆሙ ብዙ ገጾችን ጣለ፤ በ2016 ከዋናው አሠራር ጋር ከተዋሐደ ወዲህ እንዲህ ያለው ሊንክ በአመዛኙ ከቁጥር አይገባም። ከከፋም የጎግል ሠራተኛ አይቶ የሚወስነው ቅጣት አለ። ሻጮቹ የሚያሳዩት «ዲአር» አህሬፍስ፣ «ዲኤ» ደግሞ ሞዝ የተባሉ ድርጅቶች የድረ ገጽ ጥንካሬን የሚገምቱበት የራሳቸው መለኪያ ነው፤ ጎግል አይጠቀምባቸውም። እህታችን አንድም ሊንክ አልገዛችልንም፣ ለመግዛት ስንጠይቃትም እምቢ የምትል ሰው ናት። ያመንናት በዚህ ነው።

የእሷ የሊንክ ሥራ የሚጀምረው የጠፋውን በመመለስ ነው። እኛ ልብስ ነጋዴዎች ቀሚሱ ሲሸጥ ገጹን እንሰርዛለን፤ ፎቶውን ወደውት ሊንክ ያደረጉ ሰዎች ሁሉ 404 ወደሚል ባዶ ገጽ ይወድቃሉ። በሰርች ኮንሶል የሊንክ ሪፖርት ውስጥ ብዙ ሊንክ ያላቸውን ገጾች አውርዳ አንድ በአንድ ትከፍታለች። የተሰረዘውን ወይ መልሳ «ተሽጧል፣ በትእዛዝ ይሠራል» የሚል ጽሑፍ ታደርግበታለች፣ ወይ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ወደ ተመሳሳዩ ልብስ ታዞረዋለች። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጎግል እንደጠፋ ገጽ ሊቆጥረው ስለሚችል ሊንኩ ይባክናል።

ቀጥሎ የሱቁን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋ ትፈልጋለች፤ ስማችሁን ጠርተው ሊንክ ያላደረጉ ሰዎች ይገኛሉ። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጡት የሠርግ ፎቶ አንሺዎች፣ የዲኮር ባለሙያዎችና አዳራሾች ናቸው፤ በአንድ ሠርግ ላይ አብረን ሠርተናልና። መልእክቷ አራት መስመር አይበልጥም፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሠርጉን አልበም በድረ ገጽዎ አይተናል፣ እጅግ ያምራል። የሙሽራዋን ቀሚስ የሠራነው እኛ ነን፤ ጥልፉን የሚያስረዳ ገጽ አለን። ከፎቶው ሥር ቢያስቀምጡልን ደስ ይለናል፤ አድራሻው ይኸው ነው።» የምትልከው የዚያኑ ቀሚስ ገጽ አድራሻ ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ቀድሞ መደወል ከኢሜይል ይሻላል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ ታስታውሳለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። «አንተ አድርግልኝ እኔም አደርግልሃለሁ» የሚል የጅምላ ልውውጥ ውስጥ አትገባም፤ እሱም በጎግል ዘንድ ክልክል ነው። ሊንኩ በምን ቃል ይጻፍ ብላም አታዝም። ከአሥር ቦታ «ርካሽ የሀበሻ ቀሚስ» የሚል አንድ ዓይነት ቃል ሲመጣ መገዛቱ ያስታውቃል፤ ሰው በራሱ ሲጽፍ አንዱ የሱቁን ስም፣ ሌላው «እዚህ ይመልከቱ» ይላል።

ሰው ሳይለመን ሊንክ የሚያደርግበት ገጽ ደግሞ መሠራት አለበት። ያሠራችን የልኬት መመሪያ ነው፦ ትከሻ ከአጥንት እስከ አጥንት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ቁመት ደግሞ የሚደረገውን ጫማ አድርጎ ከትከሻ እስከ መሬት፤ ለኪው ሌላ ሰው ይሁን፣ ሜትሩም አይጥበቅ። ውጭ ላለ ሰው በሴንቲሜትርም በኢንችም ተጽፏል፤ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። ሌላው ስለ ሽመናው ነው። ሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ መሠረታቸው ጋሞ ደጋ፣ ዶርዜና አካባቢው ነው፤ ድርና ማግ፣ ጥበቡም እንዴት እንደሚገባ በሸማኔዎቹ ፈቃድ በተነሣ ፎቶ ተብራርቷል። አስጎብኚዎችና ስለ ባህል የሚጽፉ ሰዎች ሊንክ የሚያደርጉት ወደ እንዲህ ያለው ገጽ እንጂ ወደ ዋጋ ዝርዝር አይደለም።

የፌስቡክ ሊንክ ኖፎሎው ነው፣ ዊኪፔዲያም እንዲሁ። በደረጃ ላይ ብዙ አትጠብቁባቸው፤ ደንበኛ ስለሚያመጡ ግን አትተዉአቸው። የማይታወቅ ሊንክ ስታዩ ደግሞ ዲሳቮው በሚባለው መሣሪያ ጎግል እንዳይቆጥረው ለመጠየቅ አትቸኩሉ፤ የቅጣት ማስታወቂያ ከሌለ አብዛኛው ድረ ገጽ አያስፈልገውም፣ ጥሩውን ሊንክ አብሮ መጣል ግን ቀላል ነው።

በየወሩ የምትሰጠው ሰንጠረዥ ሊንኩ ያለበትን አድራሻ፣ ወደ የትኛው ገጽ እንደሚያመለክት፣ የታየበትን ቀን፣ ኖፎሎው መሆን አለመሆኑንና ማን እንደተጠየቀ ይዟል፤ እምቢ ያሉትም ተጽፈዋል። የምታስከፍለው በሊንክ ብዛት ሳይሆን በሥራዋ ነው፤ በብዛት የሚከፈለው ሰው ብዛት ያመጣልና። ጊዜውንም ሳትደብቅ ትናገራለች፦ ጎግል ራሱ ውጤት ለማየት ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ተናግሯል።

እህታችን፣ ድካምሽን አይተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልናገናኛችሁ የምትፈልጉ የድረ ገጻችሁን አድራሻ፣ ዶሜይኑ የተገዛበት አካውንት በማን ስም እንደሆነ፣ ደንበኞች በራሳቸው ቃል የጠየቋችሁን 20 ያህል ጥያቄና ከዚህ በፊት ሊንክ ገዝታችሁ ከሆነ የሻጩን ዝርዝር አያይዛችሁ ላኩልን፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።